ዳገት ላይ መኪና ስናቆም
በዳሪሙ ለአዲስ መንጃ ፈቃድ ያወጡ አባላት የተደረገ ንግግር

እህቶቼ፣ መንጃ ፈቃዱን ላገኛችሁ እንኳን ደስ አላችሁ፤ ለስልጠናው ላገዙን ወዳጆችም እግዜር ይስጥልን።

ማቆምን የተማርነው ሜዳ ላይ፣ በተተከሉ እንጨቶች መካከል ነው። የኢሉባቦር መንገድ ግን ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ ሲዘንብ ጭቃው ያንሸራትታል። በገበያ ቀን ከታች በርበሬና ማር ዘርግታ የተቀመጠች እናት አለች፣ ልጇም አጠገቧ። በደንብ ያልተያዘ መኪና የሚንደረደረው ወደ እነሱ ነው።

ስለዚህ የእጅ ፍሬንን ብቻ አትመኑ፤ ገመዱ ይላላል። መኪናው ወደ ቁልቁለት ካየ የኋላ ማርሽ፣ ወደ ዳገት ካየ አንደኛ ማርሽ አስገብታችሁ ሞተሩን አጥፉ። የእግረኛ መንገድ ጠርዝ በሌለበት መሪውን ወደ ቀኝ፣ ወደ መንገዱ ዳር አዙሩት፤ ቢንሸራተት እንኳ ወደ መሀል አይገባም። ከጎማው ሥር ድንጋይ ወይም ታኮ አድርጉ። ስትነሱ ደግሞ ድንጋዩን አንሱ! ስንቱ ሹፌር ትቶት ይሄዳል፤ በጨለማ ለሚመጣ ባጃጅና ሞተር ወጥመድ ነው።

ሴት መሪ ስትይዝ መካሪው ይበዛል። አንዱ «ነይ ነይ»፣ ሌላው «በቃ!»፣ ሦስተኛው «ግራ ስበሪ!» ይላል። አንድ ሰው ብቻ ምረጡ፤ በስፖኪዮ በሚታያችሁ ቦታ ይቁም። ከዓይናችሁ ከተሰወረ ፍሬን ያዙ። ወደ ኋላ ከመሄዳችሁ በፊትም ወርዳችሁ ዞራችሁ እዩ፤ ከመኪናው ኋላ ቁጢጥ ብሎ የሚጫወት ሕፃን በስፖኪዮ አይታይም።

ቅዳሜ ከስብሰባው በኋላ ዳገቱ ላይ እንለማመዳለን። ታኮውን እኔ አመጣለሁ።