ቤት ጠባቂዋም ዘማች ናት
(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

አዘጋጅ ኮሚቴው ስለ ቤተሰብ ሕይወት ጥቂት እንድናገር ዕድሉን ስለሰጠኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በእንዲህ ያለ በዓል ስለ መሥራቾች፣ ስለ ሊቀመናብርትና ስለ ተከናወኑ ሥራዎች መናገር የተለመደ ነው፤ የሚገባም ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ አንድ ዓይነት ቤት ልናገር እወዳለሁ። ይኸውም አባወራው በግዳጅ ርቆ፣ እማወራዋ ከልጆቿ ጋር የቀረችበት የወታደር ቤት ነው። በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣን ጥቂቶች አይደለንም። ብዙዎቻችንም ወደዚህ አገር የደረስነው በከሰላና በገዳሪፍ በኩል አልፈን ነው።

ስለ ዘማቹ ብዙ ተጽፏል። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ የዘመቱትን የቃኘው ሻለቆች ገድል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። 121 ወታደሮች እንደወደቁና አንድም ሰው እንዳልተማረከ በኩራት እንናገራለን። በእነዚያ ወራት ቤቱን ማን እንዳስተዳደረው፣ ልጁን ማን እንዳሳደገው፣ እድሩን ማን እንደከፈለ ግን የሚነግረን ጽሑፍ ጥቂት ነው።

በኋላ ጦርነቱ ወደ ራሳችን ቤት መጣ። በ1975 ዓ.ም. በወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆኑ ወጣቶች 6 ወር ሠልጥነው 2 ዓመት እንዲያገለግሉ ታዘዘ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ መደበኛው ወታደርና ሚሊሺያው በየግንባሩ ነበር። በገጠር የገበሬ ማኅበሩ የዘማቹን ማሳ እንዲያርስ፣ በከተማ ቀበሌው የዘማች ቤተሰብን እንዲረዳ ይነገር ነበር። አንዳንዱ ጎረቤት ከልቡ አደረገው፤ አንዳንዱም የራሱን ማሳ ጨርሶ እስኪመጣ ዝናቡ ያልፍ ነበር።

የእኔ አባት በኤርትራ የሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት ወታደር ነበር። እኛ ከእናታችን ጋር ጎንደር፣ አዘዞ ቀረን። አራት ልጆች ነበርን። ቤታችን የሚተዳደረው አባቴ ከደመወዙ ላይ ለእናቴ በሚተወው ተቆራጭ ነበር። ተቆራጩ የሚወጣበት ቀን በቤታችን ከበዓል ቀን የማይተናነስ ነበር። እናቴ በማለዳ ነጠላዋን አጣፍታ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ገንዘቡን በሦስት ትከፍለዋለች። አንዱ የጤፍና የዘይት፣ አንዱ የቤት ኪራይና የእድር፣ የቀረው ደግሞ የዕቁብ ነው። እድሩ የሚከፈለው በአባቴ ስም ነበር። እናቴ በሄደች ቁጥር ጸሐፊው የአባቴን ስም ጠርቶ «አለ» ሲል ምልክት ያደርጋል። እርሱ በሌለበት ስሙ እንዳይጠፋ የጠበቀችው እርሷ ነበረች።

ደብዳቤም ነበረ። የዚያን ዘመን ደብዳቤ አጀማመር የማያስታውስ ካለ እጁን ያውጣ! «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» ይላል። መጀመሪያ ላይ ደብዳቤውን የሚጽፉልን አንድ የሰፈር ሽማግሌ ነበሩ። እናቴ ስለ ገንዘብና ስለ ልጆች ጤና ታስጽፋለች እንጂ የልቧን በሰው እጅ ማስጻፍ ታፍር ነበር። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ግን ፊደል ቆጠረች። በገዛ እጇ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስትጽፍ ግማሽ ገጽ ለመጨረስ ሦስት ማታ ፈጀባት። ያን ጊዜ ምን እንደጻፈች አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው ቡና ሊጠጡ እንጂ ደብዳቤ ሊጽፉ አልመጡም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ማለዳ ነበር። በአገራችን ልማድ መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስለዚህ በወታደር ሰፈር ሽማግሌዎች ተሰብስበው በማለዳ ሲሄዱ ከታዩ፣ እያንዳንዷ እናት «ወደ ማን ቤት ይሆን?» ብላ በሯ ላይ ትቆማለች። ሽማግሌዎቹ በሯን ሲያልፉ ትተነፍሳለች፤ ወዲያው ደግሞ በመተንፈሷ ታፍራለች፤ ምክንያቱም የጎረቤቷ ቤት ሊለቀስበት ነው። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፋቤት፣ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምፅዋ ሲወድቁ በሰፈራችን ስንት እንዲህ ያለ ማለዳ እንደነጋ እናቶቻችን ያውቃሉ። መርዶም ሳይመጣ ደብዳቤም ሳይመጣ ዓመታት ያለፉባቸው ቤቶች ነበሩ። ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት የተማረኩ ከሦስት ሺህ በላይ ወገኖቻችን በነሐሴ 1980 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል አማካይነት ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ አንዳንዶቹ 11 ዓመት ታስረው ነበር። ባል የተለየው ሕፃን ልጅ ትቶ ከሆነ፣ የጠበቀው ጎረምሳ ነበር ማለት ነው።

ውድ ወገኖቼ፤

ግንቦት 1983 ዓ.ም. ሲመጣ ሠራዊቱ ተበተነ። ከአራት መቶ ሺህ በላይ የቀድሞ ሠራዊት አባላት ወደ ሰላማዊ ኑሮ እንዲመለሱ ተደረገ። ከኤርትራ ግንባር ያፈገፈጉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች ደግሞ ወደ ሱዳን ገቡ። ሚስቶቻቸውን ይዘው፣ ልጆቻቸውን በጀርባቸው አዝለው የተሰደዱም ነበሩ። ከአስመራና ከአሰብ የተፈናቀሉ የወታደር ቤተሰቦችም በአዲስ አበባ መጠለያዎች ለዓመታት ኖረዋል። በእኛ ቤት ደግሞ ተቆራጩ ቆመ፤ ደብዳቤውም ቆመ። እናቴ ጠላ ጠምቃ፣ እንጀራ ጋግራ መሸጥ ጀመረች። ለእድሩ ጸሐፊ ግን «አለ» በሉ ማለቷን አልተወችም።

አባቴ በሕይወት መኖሩን የሰማነው በዚያው መኸር ነው። እንደምታውቁት ከጎንደርና ከአካባቢው በየዓመቱ ብዙ ሰው የሰሊጥና የማሽላ ሥራ ፍለጋ ወደ ገዳሪፍ ይወርዳል። ሰሊጥ እንደደረሰ ቶሎ ካልታጨደ ፍሬው መሬት ላይ ስለሚረግፍ ባለ እርሻው ሠራተኛ አጥብቆ ይፈልጋል። አባቴ በከሰላ በኩል ገብቶ፣ ሥራ እየጠየቀ፣ ለኢትዮጵያ ጠረፍ ቅርብ ወደሆነችው ወደ ቁረይሻ ደርሶ ነበር። ከአጨዳ የተመለሰ አንድ የአዘዞ ልጅ አራት ጊዜ የታጠፈች ወረቀት አመጣ። «እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ» ትላለች። እናቴ ራሷ አነበበቻት። ፊደል ባትቆጥር ኖሮ ያችን ወረቀት ከእኛ በፊት ሌላ ሰው ያነባት ነበር።

አባቴ ስለ ቁረይሻ ሲነግረን ሁልጊዜ የሚያነሳቸው አንዲት ሱዳናዊት እናት ነበሩ። ያከራዩት ጎጆ ከግቢያቸው ውስጥ ነበር። የእርሳቸው ልጅም ወታደር ሆኖ በደቡብ ሱዳን ጦርነት ላይ ነበር፤ ያ ጦርነት በሰላም ስምምነት ያበቃው በ1997 ዓ.ም. እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። ክረምት ሲገባ የቁረይሻ ዋልካ አፈር መኪና አያስኬድም፤ ስለዚህ ለሁለቱም ወሬ አይመጣም። ማታ ማታ ሻይ አፍልተው አባቴን ይጠሩትና ወታደር ሰው ስለሆነ ስለ ወታደር ኑሮ ይጠይቁታል። ምን ይበላል? የት ይተኛል? ሲታመም ማን ያየዋል? አባቴ ይህን ሲመልስ፣ እናቴም አዘዞ ላይ ሆና ይህንኑ ስትጠይቅ እንደኖረች ያን ጊዜ ገባኝ ይል ነበር። ስምንት ዓመት ሲዋጋ ያልገባው ነገር በአንዲት የሰው አገር እናት ግቢ ውስጥ ገባው።

አሁን ስለ መገናኘት ልናገር፤ ምክንያቱም መለያየት ሲያበቃ ችግሩ ያበቃ የሚመስለን ብዙዎች ነን። በ1986 ዓ.ም. እናቴ ከእኛ ጋር መተማ ዮሐንስ ወርዳ፣ አባቴም ከገላባት በኩል ተሻግሮ ተገናኘን። ታናሽ እህቴ «ይህ ሰውዬ ማን ነው?» ብላ ከእናቴ ቀሚስ ጀርባ ተደበቀች። በሁለተኛው ቀን አባቴ ትልቁን ወንድሜን ከትምህርት አስወጥቶ ወደ ቁረይሻ ሊወስደው እንደሚፈልግ ተናገረ። በሁለት ሰው ጉልበት ገንዘብ ይጠራቀማል፤ ቤተሰቡም ቶሎ አንድ ይሆናል ባይ ነው። እናቴ አይሆንም አለች። ልጁን በጠላ ገንዘብ ያስተማረችው እርሷ ናት። አባቴም «በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ» ብሎ ክፉኛ አዘነ።

ሁለቱም እውነት ነበራቸው። በመጨረሻ ነገሩ በሽማግሌ ታየ። ልጁ ትምህርቱን እንዲቀጥል፣ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በክረምት ብቻ ወርዶ አባቱን በአረም እንዲያግዝ ተስማሙ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አባቴን «አንተ ግንባር ጠብቀሃል፤ እሷም ቤት ጠብቃለች፤ ስትመለስ ቤቱን ከእጇ መንጠቅ ሳይሆን መረከብ ነው የሚገባህ» አሉት። ወታደር ስለነበር መረከብ የሚለው ቃል ገባው። ከዚያ በኋላ የቤቱን ጉዳይ ሁሉ እናቴን እየጠየቀ፣ አንድ በአንድ ተረከበ። በ1988 ዓ.ም. ሁላችንም ገዳሪፍ ላይ አንድ ላይ መኖር ጀመርን።

ይህ የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በዳርፉር፣ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በአብዬ ኢትዮጵያውያን ሰላም አስከባሪዎች ተሰማርተው ነበር። የእነዚያ ወታደሮች ሚስቶች ደብዳቤ ሳይሆን ስልክ ነበራቸው። ነገር ግን በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነቱ ሲነሳ ስልኩ ተቋረጠ፤ ሚስት በአንድ ወገን፣ ባል በሌላ ወገን ወሬ አጥተው ከረሙ። በዚያው ዓመት የዳርፉር ግዳጅ ሲያበቃ ከመቶ በላይ የሚሆኑ ሰላም አስከባሪዎች ወደ አገራቸው ሳይመለሱ በሱዳን ጥገኝነት ጠየቁ። በዚያው ጊዜ በአል-ፋሽቃ የሁለቱ አገሮች ወታደሮች ተፋጠጡ። አባቴ ሻይ የጠጣበት አካባቢ የሁለት አገር እናቶች ማለዳን የሚፈሩበት ስፍራ ሆነ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በሱዳን ራሷ ጦርነት ተነሳና በካርቱም የነበሩ ብዙ ወገኖቻችን ወደ ገዳሪፍና ወደ መተማ ተሰደዱ። ከእነርሱ መካከል የዚህ ማኅበር አባላት ዘመዶች አሉ።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? ሦስት ነገር ላሳስብ።

አንደኛ፣ ለመርዶ ብቻ አንሂድ። በባህላችን ሐዘን የደረሰበትን ቤት አንተውም፤ ይህ ትልቅ ሀብታችን ነው። የሚጠብቅ ቤት ግን ሬሳ ስለሌለው ማንም አይደርስለትም። ባሏ በግዳጅ ላይ ያለ፣ ወይም በሥራና በወረቀት ጉዳይ ሌላ አገር የቀረባት እህት በመካከላችን ካለች፣ ምንም ሳይሆን በፊት ቡና ይዘን እንሂድ። የሴቶች ክፍላችን በወር አንድ ቀን ተራ ቢያወጣ የሚያቅት አይመስለኝም።

ሁለተኛ፣ ለልጆች በዕድሜያቸው ልክ እውነቱን እንንገራቸው። «አባትህ ነገ ይመጣል» እየተባለ ያደገ ልጅ፣ ነገ የሚለውን ቃል ማመን ያቆማል። አባትየውም ቢሆን የልጁን መምህር ስም፣ የታመመበትን ቀን፣ የጠፋችውን ጥርስ ሳይቀር ይስማ። ሲመለስ ከዚያ ይጀምራል።

ሦስተኛ፣ በሕይወት ያሉ እናቶቻችንን እንጠይቅ። ለ25 ዓመት የማኅበራችንን ቃለ ጉባኤ በጥንቃቄ ይዘናል። እናቶቻችን ቤት ሲጠብቁ የያዙት ቃለ ጉባኤ ግን ያለው በራሳቸው ውስጥ ብቻ ነው። ልጆች ሆይ፣ በኪሳችሁ ያለው ስልክ ድምፅ ይቀዳል። አያታችሁን «ባልሽ በሌለበት ቤቱን እንዴት አደረግሽው?» ብላችሁ ጠይቁና ቅዱ። በአማርኛ ይሁን፤ ያልገባችሁን ቃል ደግማችሁ ጠይቁ። እርሷም ደስ ይላታል፤ እናንተም ትማራላችሁ።

ዘማች ሲመለስ ሜዳሊያ ይሰጠዋል፤ ይገባዋልም። ቤት ለጠበቀችው የሚሰጥ ሜዳሊያ እስካሁን አላየሁም። ስለዚህ በዚህ አዳራሽ ያላችሁ፣ ባላችሁን፣ ልጃችሁን ወይም ወንድማችሁን ከግዳጅ የጠበቃችሁ እናቶች ሁሉ እባካችሁ ከመቀመጫችሁ ተነሡልን። እኛም ቆመን እናመስግናችሁ።

በስደት ያሉትን በሰላም ያገናኝልን። ማኅበራችንን ለወርቅ ኢዮቤልዩ ያድርስልን።