ኮሽም በጓሮአችን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ የሩቅ አገር ነገር አይደለም። በልጅነታችን ከብት ስንጠብቅ እሾሁ እየወጋን ፍሬውን ስለ ለቀምነው ስለ ኮሽም ነው። ኮሽም ቅጠሉ በበጋም የማይረግፍ ቁጥቋጦ ነው፤ ፍሬው ሲበስል የብርቱካን መልክ ይይዛል፤ ጣዕሙም ይኮመጥጣል። የዕፀዋት ሊቃውንት «ዶቪያሊስ አቢሲኒካ» ብለው ስለ ሰየሙት ስሙ ራሱ አገሩን ይናገራል። በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ፣ ከስሪ ላንካ ዘመዱ ጋር የተዳቀለው በጓሮ ይተከላል። እኛ ግን የዱር ነው ብለን ንቀነዋል።

ከሰባት ዓመት በፊት ከበሰለ ፍሬ ዘር አውጥተን፣ አጥበን፣ በጥላ አድርቀን በመደብ ላይ ዘራን። ከበቀሉት አንዱን ጠንካራ መርጠን በሰቆጣ ቤታችን አጥር ሥር ተከልን፤ የቀሩትን ነቀልናቸው። ፍየል እንዳይበላው በድንጋይ ከበብነው፤ እጅ የታጠብንበትንም ውሃ አጠጣነው። በአራተኛው ዓመት አበበ፤ ፍሬ ግን አልያዘም። በአምስተኛውም እንዲሁ ሆነ። አባታችንም «ለማያፈራ እንጨት ውሃ አታባክኑ፤ ይነቀል» አሉ።

አበባውን ወስደን ለመምህራችን ብናሳይ በማጉያ መነጽር እንድናየው አደረጉን። ብናኝ የተሸከሙ ክሮች ብቻ አየን፤ ፍሬ የሚሆን ማኅፀን አልነበረውም። ለካ ኮሽም ወንዱና ሴቱ ለየብቻ የሚበቅል ነው! ወንዱ ያብባል እንጂ አያፈራም፤ ሴቷም ደኅና አድርጋ እንድታፈራ ወንድ በአቅራቢያዋ ያስፈልጋታል። ችግኙ ሳያብብ ደግሞ ወንድ ይሁን ሴት አይለይም። እኛ ጠንካራውን የመረጥን መስሎን እኅቶቹን ነቅለን ኖሯል። ጥፋቱ የተክሉ ሳይሆን የእኛ ነበር።

አባታችንን ለምነን ስምንት ችግኞች በአጥሩ ዙሪያ ጨመርን፤ ከስምንቱ ሴት እንደማይጠፋ ተስፋ አለን። የዋግ ኮረብቶች መራቆታቸውን ሁላችን እናያለን። ያረጁ የአገር ዛፎችን ለማየት ወደ አብያተ ክርስቲያናት አጸድ እንሄዳለን። ሆኖም አጥር ለማደስ በየዓመቱ እሾህ እንቆርጣለን። ተጠጋግቶ የተተከለ ኮሽም ግን ራሱ አጥር ነው፤ እየቆየ ይጠነክራል፤ ፍሬም ይሰጣል።

አንድ እንጨት አይነድም ይባላል፤ አንድ ኮሽምም አያፈራም። ስለዚህ የምትተክሉ ሁሉ ብዙ አድርጋችሁ ትከሉ፤ እስኪያብብም ታገሡ። ስምንቱ ገና አላበቡም። እኛ ዘንድሮ ከትምህርት ቤታችን እንሰናበታለን፤ ፍሬውን የሚለቅሙት ታናናሾቻችን ይሆናሉ። አሁን ማታ ማታ ውሃ የሚያጠጡት አባታችን ናቸው።