ወተት ሆዱን ለሚነፋው

 

በረመዳን ምሽት በብዙ ቤቶቻችን የምናውቀው ነገር አለ። የመግሪብ አዛን ይላል፤ ተምር ይቀመሳል፤ ወዲያው ትኩስ ወተት በትልቅ ብርጭቆ ይቀርባል። ከቤተሰቡ አንዷ ግን ብርጭቆውን ስታይ ትሰጋለች። ከጠጣችው ሆዷን ይነፋታል፣ ይቆርጣታል፤ ከተራዊሕ ሶፍ ወጥታ ወደ መጸዳጃ ትሮጣለች። ካልጠጣች ደግሞ አማቷ «የአላህ ኒዕማ ይመለሳል እንዴ?» ይሏታል። ስለዚህ ዝም ብላ ትጠጣለች። ዛሬ የምናወራው ስለ እርሷ ነው።

በወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። የሚፈጨውም ትንሹ አንጀት በሚያመነጨው ላክቴዝ በተባለ ኢንዛይም ነው። ሕፃናት ይህ ኢንዛይም በብዛት አላቸው፤ ከጡት መጣል በኋላ ግን በአብዛኛው ሰው እየቀነሰ ይሄዳል። ያልተፈጨው ስኳር ወደ ትልቁ አንጀት ሲወርድ ውሃ ይስባል፤ ባክቴሪያዎችም ሲያብላሉት ጋዝ ይፈጠራል። መነፋቱም ተቅማጡም ከዚህ ነው። ከዓለም አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ላክቶስን በሚገባ አይፈጩም። እንግዲህ ይህ የእምነት ድክመትም፣ ቅብጠትም አይደለም።

ወተት በሱረቱ አን-ነሕል የተወሳ ጸጋ መሆኑን አንዘነጋም። ጸጋን ማክበርና የማይስማማን በግድ መዋጥ ግን ይለያያሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የበረሃ እንሽላሊት ሥጋ ቀርቦላቸው ሐራም ሳይሉት እርሳቸው ትተውታል፤ ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) ግን እዚያው በልተዋል። ማፍጠሪያውም ቢሆን በሐዲስ የተላለፈልን እሸት ተምር፣ ከታጣ ደረቅ ተምር፣ እርሱም ከታጣ ውሃ ነው።

ታዲያ ወተት ጨርሶ ይተው? ለብዙው ሰው አያስፈልግም። በአንድ ብርጭቆ ወተት 12 ግራም ያህል ላክቶስ አለ፤ ጥቂቱን ከምግብ ጋር መጠጣት በባዶ ሆድ ሙሉውን ከመጨለጥ በእጅጉ ይሻላል። በማፍጠሪያ ሰዓት የምናደርገው ደግሞ ሁለተኛውን ነው! እርጎ ሲረጋ ባክቴሪያው ከስኳሩ ከፊሉን ስለሚበላው ብዙዎችን ይስማማቸዋል። የዐይብ አጓቱ ሲጠል ስኳሩም አብሮ ይወጣል፤ በንጥር ቅቤ ውስጥ ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። «የግመል ወተት ምንም አያደርግም» ሲባል እንሰማለን፤ እርሱም ላክቶስ አለበት። ማፍላትም ስኳሩን አያጠፋውም። ወተት የቀነሰ ሰው ከጤፍና ከጎመን ካልሲየም ያገኛል።

ወተት ሲጠጣ ከንፈሩ የሚያብጥ፣ ሰውነቱን የሚያሳክከው ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው፤ አለርጂ ሊሆን ስለሚችል ወተቱን ትቶ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይሂድ። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ወይም ክብደት መቀነስ ያየም እንዲሁ። እናቶች ሆይ፣ የሚጠባ ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው «ወተቱ ነው» ብላችሁ ጡት አትከልክሉት፤ እያጠባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።