ፈጣን ባቡር ወይስ በቀጠሮው የሚደርስ ባቡር?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ለተሰበሰቡ መምህራን፣ ወላጆችና ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ እንደ ኢትዮጵያ ያለች በማደግ ላይ የምትገኝ አገር በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ባቡር መሥራት ይገባታል ወይስ አይገባትም የሚለው ነው። ይህ ነገር በተነሣ ቁጥር ሰው በሁለት ወገን ይከፈላል። አንዱ ወገን «ሌሎች የደረሱበት ሥልጣኔ ለምን ይቅርብን?» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ሆድ ሳይጠግብ ባቡር ምን ያደርጋል?» ይላል። እኔም ሁለቱን ወገኖች ሳላቃልል አሳቤን በአጭሩ ላቅርብ።

አስቀድመን አባቶቻችን የሠሩትን እንመልከት። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ የመዘርጋት ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ግን ገንዘብ ጠፋ፤ ኩባንያው ከሰረ፤ ሐዲዱም ከድሬዳዋ ሳያልፍ ለዓመታት ቆመ። በሌላ ኩባንያ ተቀጥሎ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ሳያዩ ዐረፉ። ያ 784 ኪሎ ሜትር መንገድ በዛሬው ዓይን ሲታይ ዘገምተኛ ነበር፤ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን ይደርስ ነበር። በበቅሎና በግመል ሳምንታት ይጓዝ ለነበረ ነጋዴ ግን ይህ ታላቅ ፍጥነት ነበር። ድሬዳዋን የመሰለች ከተማም የተወለደችው ከዚሁ ሐዲድ ነው። ከዚህ የምንማረው፣ የባቡር ጥቅም የሚጀምረው ከገበያው ሲደርስ መሆኑን ነው።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መንገድ በቻይና ኩባንያዎች ተሠርቶ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተመረቀ፤ መደበኛ ሥራውንም ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀመረ። ርዝመቱ እስከ ጅቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የመንገደኛው ባቡርም በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ ታስቦ ተሠርቷል። እንግዲህ እናስላ። 750 ኪሎ ሜትር በ120 ሲካፈል ስድስት ሰዓት ከሩብ ይሆናል፤ በ300 ሲካፈል ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ያለ ማቆሚያ ቢኬድ እንኳ በፍጥነቱ የምናተርፈው አራት ሰዓት አይሞላም። ወጪው ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በፊዚክስ ትምህርታችን እንደምናውቀው ፍጥነት ሁለት እጥፍ ተኩል ሲሆን የአየሩ ተቃውሞ ከስድስት እጥፍ በላይ ይሆናል። የመንገዱም መታጠፊያ በዚያው ልክ ሰፊ መሆን አለበት፤ ስለዚህ የዛሬው ሐዲድ የሚዞረውን ተራራ ፈጣኑ ሐዲድ መብሳት ግድ ይሆንበታል።

ደግሞስ ጊዜያችን የሚጠፋው የት ነው? እኛ ወደዚህ ትምህርት ቤት ስንመጣ የምናልፍበትን የሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አስቡት። ወደ መርካቶ የሚገባ አይሱዙ፣ በጋሪ የሚገፋ ጆንያ፣ በትከሻ የሚሄድ ጣቃ ሁሉ በዚያ አካባቢ ይጋፋል። ከጅቡቲ የመጣ ዕቃ በጉምሩክ ወረቀት ሦስት ቀን፣ በዚህ ድልድይ መጨናነቅ ግማሽ ቀን ቢቆም፣ ባቡሩ ያተረፈው አራት ሰዓት ምን ይጠቅመዋል? ድልድዩ የተጠራባቸው የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ይባሉ ነበር፤ ዛሬም መላ የሚያስፈልገው በዚሁ በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ነው።

«ጃፓንስ ተበድራ ሠርታ የለምን?» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው። ጃፓን ከዓለም ባንክ 80 ሚሊዮን ዶላር ተበድራ በመስከረም 1957 ዓ.ም. ከቶኪዮ እስከ ኦሳካ በሰዓት 210 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር ከፈተች። ነገር ግን አዲሱን የሠራችው አሮጌው ሐዲድ በሰውና በዕቃ ሞልቶ መፈናፈኛ ስላጣ ነው። በአፍሪካም ሞሮኮ በ2011 ዓ.ም. በሰዓት 320 ኪሎ ሜትር የሚሄደውን ስትከፍት ብዙ ዘመን የሠራበት የባቡር ድርጅት ነበራት። ስለዚህ ፈጣን ባቡር የሚሠራው ያለው ሐዲድ ሲሞላ ነው እላለሁ። የእኛ ፉርጎ ግን ከጅቡቲ ጭኖ ይመጣና ብዙ ጊዜ ባዶውን ይመለሳል፤ ወደ ውጭ የምንልከው ከምናስገባው እጅግ ያንሳልና።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ይህ ነገር የእኛን የልጆቻችሁን ዕድሜ የሚነካ ነው። የአዲሱ ሐዲድ አብዛኛው ገንዘብ የቻይና ብድር ነው፤ የመክፈያውም ጊዜ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ 30 ዓመት ተራዝሟል። ይህም ማለት ዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት የሆነን ሁሉ ወደ አርባ ዓመት እስክንጠጋ ድረስ ዕዳው አብሮን ይሄዳል ማለት ነው። ግንብ ጀምሮ መፈጸም ያቃተው ሰው ምሳሌ በወንጌል ተነግሯል፤ አስቀድሞ ያላሰላ ሰው መሳቂያ ይሆናል።

ሐዲድ መዘርጋት ብቻውን እንደማይበቃም በዓይናችን አይተናል። በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው የከተማችን ቀላል ባቡር በአውቶቡስ ተራ በኩል ያልፋል። ከተገዙት 41 ባቡሮች ግን ብዙዎቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መለዋወጫ አጥተው ቆመው ነበር። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የተሠራውም ሐዲድ ኤሌክትሪክ ሳይገባለት ዓመታት አለፉ። በጅቡቲው መስመር ደግሞ ከብትና ግመል እየገባ፣ ሌባም ብረትና ሽቦ እየፈታ ጉዞውን አዘግይቷል። እንግዲህ 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት በአግባቡ ያልሄድንበትን መንገድ ትተን ወደ 300 መዝለል «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» እንደሚባለው ይሆናል።

ይህን ስል ግን ተስፋ የለንም ማለቴ አይደለም። እስከ 2016 ዓ.ም. በቻይናውያን ይመራ የነበረው የጅቡቲው ባቡር በዚያ ዓመት ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ባለሙያዎች ተላልፏል። ይህ ከማንኛውም ፍጥነት የሚበልጥ እርምጃ ነው። አሁን ሥራው የእኛ ነው። ጓደኞቼ ሆይ፤ የባቡርን ሞተር ፈትቶ የሚገጥም፣ መለዋወጫውን እዚሁ የሚቀርጽ፣ የጉምሩክን መዝገብ ሳያጓድል በአንድ ቀን የሚጨርስ ሰው ከመካከላችን ይውጣ። ነጋዴ የሆናችሁ አባቶቻችንና እናቶቻችን ደግሞ፣ ባዶ የሚመለሰውን ፉርጎ ቡናው፣ ሰሊጡና ቆዳው እንዲሞላው በማኅበር ሆናችሁ ምከሩበት። ፉርጎው ሞልቶ ሲሄድ፣ ሞልቶ ሲመጣና በቀጠሮው ሲደርስ፣ ያን ጊዜ ፈጣኑን ባቡር ያለ ፍርሃት እንጠይቃለን፤ የሚሠሩትም የኢትዮጵያ መሐንዲሶች ይሆናሉ።

 እግዚአብሔር አገራችንን ይባርክ።