በልቼ ስለ ተደረገው ዕርቅ የተነገረ ቃል



በዚህ በኢዮቤልዩ በዓላችን ስለ ዕርቅ ጥቂት ቃል እንድናገር ብታዙኝ፥ በ1870 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በሸዋ በልቼ የተደረገውን አሰብሁ።

ዐፄ ዮሐንስ በ1864 ዓ.ም. በአክሱም ሥርዓተ ንግሥ ቢፈጸምላቸውም፥ የሸዋው ምኒልክ ደግሞ ራሳቸውን ንጉሠ ነገሥት ይሉ ነበርና ብዙ ዘመን ተቃቃሩ። ዐፄ ዮሐንስ የግብጽን ጦር በጉንደትና በጉራ ድል ካደረጉ በኋላ ወደ ሸዋ ወረዱ። ካህናትና መነኮሳት ግን ከሰፈር ወደ ሰፈር እየተመላለሱ ታላቁን ጦርነት አስቀሩት።

ምኒልክ ድንጋይ ተሸክመው ቀረቡ። የቅኔ ተማሪ ነኝና በዚህ ድንጋይ ሰምና ወርቅ ሳልፈልግ ማለፍ አይሆንልኝም። ሰሙ የተሸናፊ ሸክም ነው፤ ወርቁ ግን ድንጋዩን ካስወረደው ሰው ዘንድ ነው። ዐፄ ዮሐንስ ንጉሠ ነገሥት መባልን ለራሳቸው ብቻ አድርገው ግብር አስገበሩ፤ ሸዋን ግን ለሌላ አልሰጡም፤ ለዚያው ለምኒልክ የንጉሥነትን ዘውድ አጸኑላቸው እንጂ። ድል ያደረገ ሰው ለተገዛለት ዘውድ ሲተውለት ብዙ ጊዜ አልተሰማም።

በዚያው ዓመት በግንቦት ሁለቱ ነገሥታት በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተቀመጡ፤ ሊቃውንትን ለረዥም ዘመን የከፋፈለው የሃይማኖት ክርክርም በተዋሕዶ ተፈረደ። ነገር ግን እውነቱን ልሸሽግ አይገባኝም፤ ከጉባኤው በኋላ የወሎ እስላሞች በግድ እንዲጠመቁ ታዘዘ፥ ብዙ ሰውም ተሰደደ። የነገሥታቱ ዕርቅ ለእነርሱ ዕርቅ አልሆነላቸውም። ይህንንም የምንናገረው ዐንገታችንን ደፍተን ነው።

በ1881 ዓ.ም. ሁለቱ ነገሥታት ዳግመኛ ተቀያይመው ጦር እስከ ማስከተት ደርሰው ነበር፤ ሆኖም ሳይዋጉ ቀሩ። ዐፄ ዮሐንስም በዚያው ዓመት በመጋቢት በመተማ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ ወደቁ።

በ1886 ዓ.ም. ልጃቸው ራስ መንገሻ ከራስ አሉላ ጋር ወደ አዲስ አበባ መጥተው፥ እነርሱም በተራቸው ድንጋይ ተሸክመው በዐፄ ምኒልክ ፊት ቆሙ። ከ16 ዓመት በፊት ያንኑ የተሸከሙት ንጉሥ ክብደቱን አልረሱትም ይመስለኛል፤ ይቅር አሏቸው። አባትየው ለእርሳቸው የተዉላቸውን ያህል ግን አልተዉም፤ መንገሻ የተመኙትን የትግሬን ዘውድ ከለከሏቸው። ይህም ቅሬታ ኋላ መንገሻን ለሽፍትነት አበቃቸው።

ያም ሆኖ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ፥ የዮሐንስ ልጅ መንገሻና አሉላ ከዐፄ ምኒልክ ጋር በአንድ ሰልፍ ተገኙ።