የሸማኔው እግር

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ስትወጡ ዶርዜ ላይ ጎራ ብላችሁ ሸማኔ ሲሠራ አይታችሁ ይሆናል። ከመሥሪያው ሥር በተቆፈረው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጦ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲልከው የሁሉም ዓይን እጁ ላይ ነው። የሥራው ግማሽ ግን ከታች ነው። እግሮቹ ጉድጓዱ ውስጥ መርገጫውን በየተራ ካልተጫኑ ድሩ አይከፈትም።

ይህ ሰው አርባ ምንጭ ሲቀላ ገበያ ጋቢ ሸጦ ሲመለስ ሚኒባስ ገጨው እንበል። ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ፤ ብረት ገባለት። ፖሊስ ለሆስፒታሉ ይጽፋል፣ ሆስፒታሉ ይመልሳል። ሕክምናው ሲያበቃ የሐኪሞች ቦርድ ቋሚ ጉዳቱን በመቶኛ ይወስናል። 15 በመቶ አለ እንበል። ጠበቃው ያቺን ወረቀት ይዞ ችሎት ይቀርባል። ዳኛው ያገላብጧታል፤ ከኋላዋ ምንም የለም።

15 በመቶ ለማን? ጠረጴዛ ላይ ለሚውል ሰው ደረጃ ሲወጣ ማነከስ ነው። ለሸማኔው እንጀራው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2091 ካሣው ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን ይላል። ልኩ በትክክል ካልታወቀ ደግሞ ዳኛው በርትዕ እንዲቆርጡ አንቀጽ 2102 ይፈቅዳል። ርትዕም ቢሆን መያዣ ይፈልጋላ!

ሐኪሙን እንዳልወቅስ፣ የደረሰው ደብዳቤ «የጉዳቱ መጠን በመቶኛ ተገልጾ ይላክልን» የሚል አንድ መስመር ነው። የተጠየቀውን መለሰ። ሰውየው ሸማኔ መሆኑን ማን ነገረው? ካርዱ ላይ ሥራ በሚለው ቦታ «የግል» ተብሎ ተጽፏል።

አንዳንዱ ጠበቃ ደግሞ ኮሪደር ላይ ጠብቆ «ዶክተር፣ እባክዎ ትንሽ ከፍ ያድርጉልን» ይላል፤ በሙዝ ዋጋ እንደሚከራከር ሰው። ያ ሐኪም ነገ ለምስክርነት ሲጠራና የተከሳሽ ጠበቃ ሲያፋጥጠው ምን ይበል?

ሌላው ጣጣ ጊዜ ነው። አጥንት በራሱ ቀን ነው የሚድነው። አንቀጽ 2143 ግን ለካሣ ክስ የሰጠው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ሐኪሙ ይህን ከየት ይወቀው? ጠበቃው የክሱን የመጨረሻ ቀን ቢነግረው፣ እሱም «ገና አልዳነም፣ ሌላ ቀዶ ሕክምና ይቀረዋል» ብሎ በጊዜ ቢጽፍለት ከባዶ ዝምታ ይሻላል።

እኔ ጠበቃ ብሆን የሰውየውን ፈቃድ በጽሑፍ አያይዤ፣ ምሥጢሩ የእሱ ነውና፣ እንዲህ እጠይቅ ነበር፦ ከአደጋው በፊት ምን ይሠራ ነበር? በዚህ እግር መርገጫ መጫን ይችላል? ለስንት ሰዓት? ጉድጓድ ውስጥ መውረድና መውጣትስ?

እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው ሐኪም ኤክስሬዩን ወደ ጎን ያደርጋል። ሰውየውን አልጋው ጫፍ ላይ ያስቀምጠዋል፣ መዳፉን ከእግሩ ሥር ይዘረጋል፣ «እስቲ ግፋኝ» ይለዋል።