ፊደል ዛፍ ላይ ሲወጣ

(ለሕፃናት አሳዳጊዎችና በጎ ፈቃደኞች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



የዛሬው ንግግሬ ስለ ካርቶን፣ ስለ መቀስና ስለ ሙጫ ነው። ጉዳዩ አነስተኛ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ሆኖም አንድ ሕፃን ፊደልን ወዳጅ ወይም ባላጋራ አድርጎ የሚይዘው በአብዛኛው ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት፣ እናንተ ዘንድ ሳለ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ የታተመ «ቺካ ቺካ ቡም ቡም» የተሰኘ የሥዕል መጽሐፍ አለ። ደራሲዎቹ ቢል ማርቲን ጁኒየርና ጆን አርሻምቦ፣ ሠዓሊዋም ሎይስ ኤለርት ናቸው። ትንንሾቹ የእንግሊዝኛ ፊደላት ተከታትለው የኮኮናት ዛፍ ላይ ይወጣሉ፤ ዛፉ ይጎብጥና ሁሉም ይወድቃሉ፤ ትልልቆቹ ፊደላት ደርሰው ያነሷቸዋል። ቢል ማርቲን ራሱ በልጅነቱ ማንበብ እጅግ ይከብደው የነበረ ሰው ነው።

መምህራን ከዚህ መጽሐፍ ተነሥተው ልጆችን የወረቀት ዛፍ ያሠራሉ። እኛም በራሳችን ፊደል ልንሠራው እንችላለን። ኮኮናት የማያውቅ ልጅ ተምርን ስለሚያውቅ ዛፉ የተምር ዛፍ ይሁን። ከአሮጌ ካርቶን ላይ ቡናማ ወረቀት ለግንድ፣ አረንጓዴ ወረቀት ለቅጠል ይለጠፋል። ሙጫ ከሌለ በውኃ የተበጠበጠና በእሳት የበሰለ ዱቄት ይበቃል። ቅጠሉን ልጁ በእጁ ይቅደደው፤ ጣቶቹ እርሳስ ለመያዝ የሚጠነክሩት በዚህ ነው። ፊደላቱን ግን ትልቅ ሰው ከጠንካራ ካርቶን ይቁረጥ፤ መጠናቸውም የልጅ መዳፍ ያህል ይሁን። ትንንሽ ቁራጭ ወደ አፍ ይገባልና።

አደራ የምላችሁ፣ ፊደላቱን በዛፉ ላይ አትለጥፏቸው። ብዙዎች ሥራው ያማረ እንዲመስል ይለጥፉና ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል፤ ጨዋታውም እዚያው ያበቃል። ካርቶኑ ወለል ላይ ተዘርግቶ ልጁ ፊደላቱን ስማቸውን እየጠራ ያስቀምጣቸው፤ ከዚያም ካርቶኑን ያንሣውና ይውደቁ! ትምህርቱ ያለው ከወደቁት መካከል «በ የትኛው ነው?» ተብሎ ሲፈለግ ነው።

የፊደል ገበታችን 33 ዋና ፊደላት በሰባት ቤት ተባዝተው 231 ይሆናሉ። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ማቅረብ ልጅን ማስበርገግ ነው። በሦስት ፊደል፣ ይልቁንም በራሱ ስም ፊደላት ይጀመር። ሐሊማ የምትባል ልጅ ሐ፣ ሊ እና ማን ትውሰድ። ሐ ይሁን ሀ ብላችሁ አትከራከሩ፤ በክትባት ካርዷ ወይም በልደት ወረቀቷ ላይ የተጻፈውን ተከተሉ።

ካርቶን ከሰሌዳ የሚበልጥበት አንድ ነገርም አለ። የ«በ» ቀኝ እግር ወገብ ላይ ትንሽ ቁራጭ ብታስጠጉ ቡ፣ ያንኑ ቁራጭ ወደ እግሩ ጫፍ ብታወርዱት ቢ ይሆናል፤ በጫፉ ላይ ቀለበት ብታደርጉ ቤ። ግራ እግሩ ሲያጥር ባ፣ ቀኝ እግሩ ሲያጥር ቦ። ሰ እና ሸም እንዲሁ ናቸው። ሳድሱ ከፊደል ፊደል ስለሚለያይ ለብቻው ይቆረጥ። ልጁ ሰባቱ ቤቶች ዘመዳሞች መሆናቸውን በቃል ከሚነገረው ይልቅ በእጁ ሲነካው ፈጥኖ ያየዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። በመጽሐፉ ውስጥ የወደቁትን ሊያነሡ የሚመጡት እናቶች፣ አባቶች፣ አጎቶችና አክስቶች ናቸው። ወላጅ ያጣ ልጅ ይህን ሲሰማ ዝም ሊል ይችላል። አንዳንዶች ገጹን መዝለል ይሻላል ይላሉ፤ እኔ አልስማማም። ታሪኩን ነገ ከሌላ ልጅ አፍ መስማቱ አይቀርም፤ ከእናንተ ጋር ቢሰማው ይሻላል። «እናቱ መጣች» ብላችሁ ግን አትቅደሙት። የወደቀውን ፊደል በእጁ ስጡትና «ማን ያንሣው?» ብላችሁ ጠይቁት። አያቴ ይል ይሆናል፣ እኅቴ፣ ወይም የጎረቤቱን ሴት ይጠራ ይሆናል። «እኔ ራሴ» ካለም ያንሣው። የጠራው ሰው በአካባቢው ካለ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ዛፉ ሲሠራ ጋብዙት፤ ከልጁም ጎን ይቀመጥ።